የገብርኤል ዋዜማ ዱቄት

ሐምሌ ገብርኤል በመጣ ቁጥር ከሰው ጋር መዋል አልወድም። ለምን ብለው ሲጠይቁኝ ራሴን አሞኛል እላለሁ። ዛሬ ግን እውነቱን ልጽፈው ተቀምጫለሁ። አንባቢ ሆይ፣ ታሪኩ የሁለት ቀን ተኩል ብቻ ነው፤ ነገር ግን ማን እንደነበርኩና ኩሬው እንዴት እንደተቆፈረ አስቀድሜ ካልነገርኳችሁ አይገባችሁም።

ያን ጊዜ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። መካነ ሰላም፣ በግብርና ጽሕፈት ቤት የመጋዘን ጠባቂ ነበርኩ። ትምህርቴን ከስምንተኛ ክፍል አቋርጬ የቀረውን መዝገበ ቃላት ይዤ ራሴን በራሴ አስተምሬአለሁ። ብዙ መናገር አልወድም፤ መለካትና መጻፍ ግን እወዳለሁ። ከመጋዘኑ ጥግ ጠርዙን አይጥ የበላው ካርቶን ውስጥ በማባዣ የተባዛ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አገኘሁ። ስለ ዓሣ እርባታ የሚናገር ነው። ቃል በቃል እየፈታሁ ሁለት ወር ፈጀብኝ።

ጽሑፉ እኔ በገባኝ መጠን የሚለው እንዲህ ነው። ብዙ ዓሣ በጠባብ ኩሬ ሲኖር ከሆዱ የሚወጣው ቆሻሻ ውሃውን ይመርዘዋል። ውሃው ካልተለወጠ ዓሣው ያልቃል። የሚለውጠው ውሃ የሌለው ሰው ግን ሌላ መላ አለው፤ በልክ ዱቄት እየጨመረ ውሃውን ያማስላል። በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ነፍሳት ዱቄቱንም ቆሻሻውንም እየበሉ ይራባሉ፤ እርስ በርስ ተያይዘውም ቡናማ ፍርፋሪ ይሆናሉ። ዓሣው ደግሞ ያንን ፍርፋሪ ይበላዋል። መርዝ የነበረው ቀለብ ይሆናል ማለት ነው። ይህን ያነበብኩ ቀን መጋዘኑን ሳልቆልፍ ወጥቼ ከአለቃዬ ተቆጥቻለሁ።

ከመካነ ሰላም ወደ ዓባይ አቅጣጫ በእግር ሦስት ሰዓት ቁልቁል ሲወረድ የእናቴ አበልጅ እትዬ ይመኙሻል የሚኖሩበት ቀበሌ አለ። ባላቸው ሞተዋል፤ በሬ የላቸውም፤ አንዲት ልጃቸው ከላላ ተድራለች። የቀራቸው ከአንዲት ምንጭ ሥር ያለች ቁራሽ መሬት ነበረች። በዚያ ዘመን መሬት ላራሹ ተብሏልና የገበሬዎች ማኅበሩ «ያልታረሰ መሬት ይነጠቃል» ብሎ ያችን ቁራሽ ለችግኝ ጣቢያ አጫት። እትዬ ይመኙሻል ይህን ሲነግሩኝ አላለቀሱም። «የሰው ደጅ ጠኚ ልሆን ነው» ብቻ አሉኝ።

ምንጯ በበጋ እንደ ጣት ትቀጥናለች። ሊለወጥ የሚችል ውሃ የለም። ወዲያው ጽሑፉ ትዝ አለኝ። ከማኅበሩ ሊቀመንበር ከጓድ ደምሴ ዘንድ ሄጄ የዓሣ ኩሬ እንድንቆፍርበት ለመንኩ። ጓድ ደምሴ መጀመሪያ ሳቀ፤ ከዚያ ግን እንዲህ አለ።

«ኩሬም ልማት ነው። ሐምሌ ሃያ ቀን ከወረዳ ሰዎች ጋር እመጣለሁ። ኩሬ ሙሉ ዓሣ ካሳየኸኝ መሬቱ የሴትዮዋ ነው። ካላሳየኸኝ የችግኝ ጣቢያው ነው። ከዚያ ወዲያ ልመና የለም።»

ቆፈርን። ርዝመቱ አሥራ ሁለት ክንድ፣ ወርዱ ስምንት፣ ጥልቀቱ ሁለት ክንድ። ወለሉንና ጎኑን ጭድ በገባበት ጭቃ መረግነው። ከጎረቤታችን ከሰይድ ጋር ወርደን ከዓባይ ገባር ወንዝ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ጥፍር የሚያህሉ ጫጩቶች በመረብ ያዝን፤ በሰይድ በቅሎ በጄሪካን ጭነን አመጣናቸው። ሦስት መቶ ያህል ነበሩ።

ከዚያ በኋላ ሥራው የእትዬ ይመኙሻል ሆነ። እኔ ቅዳሜና እሑድ እወርዳለሁ፤ እሳቸው ግን በየቀኑ አራት ጊዜ ጫፉ ላይ ጣውላ በተመታበት ዱላ ያማስላሉ። ልኩን ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ፤ ሰማንያ ጊዜ በዚህ ጎን፣ ሰማንያ ጊዜ በዚያ ጎን፣ ወለሉን ሳይነኩ። በቀን አንድ ጣሳ የማሽላ ዱቄት። እኔ ስመጣ ውሃውን በጠርሙስ ቀድቼ አስቀምጥና ፍርፋሪው ሲዘቅጥ በጣት እለካዋለሁ። ሁለት ጣት ከሆነ ደግ ነው። ውሃው የሽሮ መልክ ያዘ፤ ዓሦቹም ወፈሩ።

«እትዬ ይመኙሻል፣ ጠላው መቼ ነው የሚደርሰው?» ይላል ሰይድ ፍየሎቹን እየነዳ ሲያልፍ።

«ቢደርስስ አንተ ምን አገባህ? ላንተ ሐራም ነው!» ይሉታል ዱላውን ሳያቆሙ።

ሐምሌ ሲገባ የዓመት ፈቃዴን ወስጄ ወረድኩ። ዓሦቹ ስንዝር ሊሞሉ ጥቂት ቀርቷቸዋል። ፍተሻው ሐምሌ ሃያ ነው፤ ከዚያ በፊት ግን ሐምሌ አሥራ ዘጠኝ አለ፣ ገብርኤል። የቀበሌው ደብር ገብርኤል ነው። በዓሉ የአገር በዓል ነው፤ መንገዱም በኩሬው ዳር ያልፋል። በእሑድና በትንንሽ በዓላት እትዬ ይመኙሻል ሰው ሳይነሣ ያማስሉ ነበር። በገብርኤል ግን መንገዱ ቀኑን ሙሉ ከሰው አይለይም። በዚያ ላይ ካድሬዎቹ ሕዝቡን በበዓል ቀን ለሥራ እያስወጡ አስመርረውታል፤ በገብርኤል ዱላ ይዞ የታየ ሰው ከእነሱ ወገን ተቆጠረ ማለት ነው። እኔ ደግሞ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ።

ዋዜማውን ሴቶቹ ለሁለት ቀን የሚሆን ውሃ ይቀዳሉ፣ ለሁለት ቀን የሚበቃ እንጨት ይለቅማሉ። ይህን እያየሁ ነው ሐሳቡ የመጣልኝ።

«ነገስ ማን ያማስላል?» አሉኝ እትዬ ይመኙሻል ወደ ማታ ሲሆን።

«ነገ አይማሰልም። የነገውን ቀለብ ዛሬ እንሰጣቸዋለን። እርስዎስ የነገውን ውሃ ዛሬ ቀድተው የለ?»

ሳቁ። «እሱስ ልክ ነህ።» ደግሞም፣ «ለምን ቄስ አምሳሉን አንጠይቃቸውም?» አሉ።

«ምን ብለን?»

«ማማሰል ሥራ ነው ወይስ አይደለም ብለን።»

«ሥራ ነው እንደሚሉን የታወቀ ነው። ወሬ ሆነን እንቀራለን እንጂ።»

አንድ ጣሳ ይበቃ የነበረውን ሁለት አደረግሁት። በዓል ነው፣ ደግሞም በማግስቱ ፍተሻ ነው ብዬ ሦስተኛ ጨመርኩ። ምንጯ በክረምት ጎርፍ ታመጣለችና ቀደም ብዬ ወደ ጎን መልሻታለሁ። መሽቶ ለዓይን ያዝ እስኪያደርግ አማስዬ ረክቼ ገባሁ።

በገብርኤል ጠዋት ከደጋው ጉም ወርዶ ሸለቆውን ሞልቶታል። ፀሐይ የለም፤ ቅጠል የሚያነቃንቅ ነፋስም የለም። ሰው ነጭ በነጭ ለብሶ ወደ ደብሩ ይወጣል። ሰይድ ፍየሎቹን ይዞ መጣ።

«ዱላውን ስጠኝ» አለኝ። «የእናንተ በዓል ነው እንጂ የኔ አይደል። ባለፈው ዒድ እትዬ ይመኙሻል ፍየሎቼን ሲጠብቁልኝ ውለዋል።»

አየሁት። ሰይድ አንድ ቀን ሲያማስል ወለሉን ቆፍሮ ጭቃ አንሥቶብኛል። መቁጠር አይወድም። በፍተሻው ዋዜማ ውሃዬን እንዲያበላሽብኝ አልፈለግሁም።

«ተወው። ብዙ በልተዋል፤ ዛሬ ይረፉ» አልኩት።

«ወላሂ፣ ዓሣም ገብርኤልን ያከብራል በለኛ!» ብሎ ሳቀና ፍየሎቹን ተከትሎ ሄደ።

ስድስት ሰዓት ሲሆን እትዬ ይመኙሻል ከቤተ ክርስቲያን ተመለሱ። ነጠላቸውን እንደተከናነቡ ኩሬው ዳር ቆሙ። ዓሦቹ ወደ ላይ መጥተው አፋቸውን ከውሃው ጋር አስተካክለው ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ።

«አፋቸውን አየኸው?» አሉኝ።

«እየበሉ ነው።»

«ሲበሉ አውቃቸዋለሁ። ሲበሉ እንዲህ አይደሉም። ይኼ የአስም በሽተኛ አፍ ነው።» ነጠላቸውን አውርደው ዱላውን አነሡ።

በመንገዱ ላይ ሰዎች ያልፋሉ። ዱላውን ያዝኩባቸው። ኃይል አልጠቀምኩም፤ ብቻ ያዝኩት።

«እትዬ፣ ሰው ያያል። ፍርፋሪው ተንሳፍፎ ነው፣ እሱን ነው የሚለቅሙት። ጽሑፉ ላይ አለ።»

ጽሑፉ ላይ የለም። ያለ መስሎኝ ነበር ልል እችላለሁ፤ እውነቱ ግን፣ ያን ቃል ስናገር አለመኖሩን አውቅ ነበር። ሴትዮዋ ፊደል ስለማይቆጥሩ ክርክሩን በአንድ ቃል ልዘጋው ፈልጌ ነው ያልኩት።

እጃቸውን ከዱላው አነሡ። «ያነበብከው አንተ ነህ» አሉና ከኩሬው ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ምሳ አልበሉም። ዓይናቸውን ከውሃው አላነሡም።

እኔ ጠርሙሴን ሞልቼ አስቀመጥኩ። ፍርፋሪው ከሦስት ጣት በላይ ዘቀጠ። እስከዚያ ቀን እንደዚያ በዝቶ አያውቅም። ደስ ብሎኝ በደብተሬ ጻፍኩት።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንድ ዓሣ በጎኑ ተኛ። ነጭ ሆዱን ሳየው የተወረወረ ወረቀት መሰለኝ። ከዚያ ሁለተኛው፣ ከዚያ በምንጯ ተቃራኒ ጥግ አምስት ስድስት ሆነው። እትዬ ይመኙሻል «ኧረ ገብርኤል!» ብለው ከነቀሚሳቸው ውሃው ውስጥ ገቡ። እኔ ቆሜአለሁ። ወደ አእምሮዬ የተመለስኩት «ሰይድ! ኧረ ሰይድ ድረስልን!» ብለው ሲጮኹ ነው።

ሰይድ ዶማ ይዞ እየሮጠ መጣ። ቁጥር የለ፣ ልክ የለ፤ የተመለሰችውን ምንጭ በሁለት ምት ከፍቶ ወደ ኩሬው ለቀቃት። እኔም ገባሁ። ሦስታችንም ውሃውን በዱላ፣ በእንስራ፣ በእጃችን ወደ ላይ እየቀዳን መልሰን እናፈሳለን። ከዝክር የሚመለሰው ሰው ከመንገዱ ቆሞ ያያል። ያየውም በገብርኤል ቀን እስከ ወገባቸው ውሃ ውስጥ ቆመው የሚያማስሉ መበለት ነው። ስድስት ሰዓት ላይ ዱላውን እንደያዝኩባቸው ግን ልብ ያለ ሰው አልነበረም።

ከመምሸቱ በፊት ሁሉም አለቀ። ምንጯ በምትገባበት ጥግ የተጠጉት አሥራ አንድ ብቻ ተረፉ። ሰይድ ጎኑን ይዞ እያለከለከ፣ «አብሽሪ እትዬ፣ አብሽሪ» ይላል። እኔን አላየኝም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ ረፋድ ጓድ ደምሴ ከሁለት የወረዳ ሰዎች ጋር መጣ። የቀበሌው ሰውም ተሰብስቧል። የሞቱትን ለቅመን በጉድጓድ ቀብረናቸዋል፤ ሽታው ግን አለ። ጓድ ደምሴ ወደ ኩሬው ጎንበስ ብሎ አሥራ አንዱን ቆጠረ።

«ይኼ ነው ኩሬ ሙሉ ዓሣ?» አለኝ። «ምን ገደላቸው?»

ደብተሬን በብብቴ ሸጎጥኩ።

«አንተን ነው! ድንቁርና ነው ወይስ አሻጥር?»

አሻጥር የምትለዋ ቃል በዚያ ዘመን ምን እንደምታደርግ የኖረበት ያውቃል። ጽሑፉን ከመጋዘን ያለ ፈቃድ ነው ያወጣሁት። ከሰው መሐል አንድ ድምፅ ተሰማ።

«ምን ይገድላቸዋል? በገብርኤል ውሃ ሲያማስሉ አይተናል። መልአኩ ተቆጥቶ ነው።»

«እውነት ነው» አለ ሌላው። «ከእነ ቀሚሳቸው!»

ጓድ ደምሴ መልአክ በሚለው ሳቀ፤ ነገር ግን ጥያቄው ተመለሰለት። ከእኔ ላይ ዓይኑን አነሣ። እትዬ ይመኙሻል ወደ እኔ ዞሩ። ለመናገር የሚበቃ ጊዜ ነበረኝ። «ዱቄቱን ያበዛሁት እኔ ነኝ፤ ሊያማስሉ ሲሉ የከለከልኳቸው እኔ ነኝ» ለማለት አንድ ትንፋሽ ይበቃል። እኔ ግን መሬት መሬት አየሁ። ሰይድ አፉን ሊከፍት ሲል እትዬ ይመኙሻል ክንዱን ያዙት።

«ተው ልጄ» አሉት። «ይበቃል።»

መሬቱ ለችግኝ ጣቢያው ተወሰነ።

ያን ቀን ሽቅብ ወደ መካነ ሰላም ስመለስ ከደብሩ በታች ቄስ አምሳሉን አገኘኋቸው። ካህናት በማኅበሩ ስብሰባ አይገኙም ነበርና የሆነውን አልሰሙም። ለእሳቸው ብቻ፣ በንስሐ፣ ሁሉንም ነገርኳቸው። ተደግፈውት የነበረውን መቋሚያ ከአንዱ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩ።

«በበዓል ቀን ላም አይታለብም እንዴ?» አሉኝ። «ከብት ውሃ አይወርድም? ነፍስ ያለውን ነገር ማቆየት መቼ ሥራ ሆነ? ምነው ዋዜማውን ብትጠይቀኝ? አንድ ቃል ነበረች።»

ቢሮ ከተመለስኩ በኋላ ከመጋዘኑ ጀርባ በርሜል ለሁለት አስቆርጬ ዓሣ ጨመርኩበት። በአንዱ ዱቄቱን ሦስት እጥፍ አድርጌ ሳላማስል ተውኩት፤ በሌላው በልኩ ሰጥቼ አማሰልኩ። የመጀመሪያዎቹ በማግስቱ ያንኑ አፍ ከፈቱ። ያኔ ገባኝ። እነዚያ በዓይን የማይታዩት ነፍሳትም ይተነፍሳሉ። ዱቄት ሲበዛላቸው ይበዛሉ፤ ሲበዙ በውሃው ውስጥ ያለውን አየር ከዓሣው ቀድመው ይጨርሱታል። ማማሰል ቀለቡን ለመበተን ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ውሃውን የምናስተነፍሰው በእሱ ነው። ዓሣ እንደ እንስራ ለነገ አይሞላም።

በዓመቱ ከላላ ሄድኩ። እትዬ ይመኙሻል ከልጃቸው ቤት ተጠግተው በአማቻቸው ጓሮ ጎመን ይኮተኩታሉ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ በርሜሉን፣ አየሩን፣ ዱቄቱን። ጽሑፉ ላይ አለ ያልኩት ውሸት እንደነበረም ጭምር። ኩትኮታውን ሳያቆሙ ሰሙኝ።

«የዓሣው አልቆጨኝም» አሉ በመጨረሻ። «ሰው ይሳሳታል። አፋቸውን ሳይ አውቄው ነበር፤ አንተን ማመኔ የኔ ጥፋት ነው።»

«እትዬ...»

«ቆይ። ገብርኤልን ያስቆጣች ሲሉኝ አንተ ከአጠገቤ ነበርክ። አርባ ዓመት የተሳለምኩት ደብር ነው። መሬቱንስ መንግሥት ወሰደው። ስሜን ግን የወሰድከው አንተ ነህ።»

ውሃ ሰጡኝ፣ ጠጣሁ፣ ወጣሁ።

አንባቢ ሆይ፣ ዝምተኛ ሰው ጨዋ ነው ይባላል። እኔም በዝምታዬ ስመሰገን ነው ያደግሁት። እስከዚያ ቀን ድረስ ዝምታ ሰውን ይጎዳል ብሎ የነገረኝ የለም። እናንተም እንደኔ መናገር የሚከብዳችሁ ከሆነ፣ ዝም ስትሉ ነገሩ ሜዳ ላይ እንደማይቀር እወቁ። ዝም ያላችሁበትን ጥፋት የሚሸከም ሌላ ሰው አለ፤ አብዛኛውን ጊዜም አጠገባችሁ የቆመው ነው። ደግሞ ማንበብ ደግ ነገር ነው፤ እኔን ሰው ያደረገኝ እሱ ነው። ነገር ግን አራት ወር ሙሉ በቀን አራት ጊዜ ዓሣ ሲያዩ የኖሩ ሴት «ይኼ የበሽተኛ አፍ ነው» ካሉ፣ እሱም ንባብ ነው። ከእኔ ይልቅ እሳቸው ነበሩ ያነበቡት።

ከከላላ በተመለስኩ በሁለተኛው እሑድ ወደ ገብርኤል ወረድኩ። ቅዳሴ ሲወጣ ቄስ አምሳሉ ሕዝቡን አስቁመውልኝ ከደጀ ሰላሙ ፊት ተናገርኩ። በሕይወቴ በሕዝብ ፊት ስናገር የመጀመሪያዬ ነው። ዋዜማውን ያደረግሁትን፣ በገብርኤል ቀን ስድስት ሰዓት ላይ ያደረግሁትን፣ በማግስቱ ያላደረግሁትን ነገርኳቸው። ሰዎቹ አልተቆጡም። አንዳንዶቹ አንገታቸውን ደፉ። አንድ ሽማግሌ ብቻ፣ «አሁን ብትናገረው ምን ይረባል፤ ባሕር ዛፉ ቁመት አወጣ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ በቦታው የተተከለው ችግኝ ከእኔ ቁመት አልፏል።

ከላላ ገበያ የሚወጣ የዚያው ቀበሌ ነጋዴ ነበር። በደጀ ሰላሙ የተናገርኩትን ለእትዬ ይመኙሻል እንዲነግርልኝ ላክሁት። በሳምንቱ ሲመለስ መንገድ ጠብቄ ያዝኩት።

«ነገርካቸው?»

«ነገርኳቸው።»

«ምን አሉ?»

ነጋዴው ጭነቱን እያጠበቀ ጥቂት አሰበ። መልእክቱን አሳስቶ እንዳያደርስ የሚጠነቀቅ ሰው ነው።

«‹ሰምታለች በለው› አሉ» አለኝ።

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም።»